የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጉልበተኛው ወጣት ተከላካይ በድራፍቱ የት ይቆማል?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ከካናዳና ከአሜሪካ የደረሱን የበረዶ ሆኪ ጥያቄዎች ናቸው። የሚጠይቁትም ስለ አንድ ዓይነት ተጫዋች ነው፦ ግዙፍና ደፋር፣ በሰውነቱ የሚጫወት፣ ጎል ብዙም የማያገባ የ17 ወይም የ18 ዓመት ተከላካይ። ድራፍት የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ የኤንኤችኤል ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ከካናዳ ዋና ዋና ጁኒየር (የወጣቶች) ሊጎች አንዱ በሆነው በዌስተርን ሆኪ ሊግ ሁለተኛ ዓመቱን እየተጫወተ ነው። የተወለደው በኦገስት 2008 ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ክብደቱ 93 ኪሎ፣ ስቲኩን (የሆኪ ዱላውን) በቀኝ የሚይዝ ተከላካይ ነው። በ58 ጨዋታ 3 ጎል፣ 11 አሲስትና 96 ደቂቃ ቅጣት አለው። ተጋጣሚን በሰውነቱ ሲገጥም አዳራሹ ይነቃነቃል፤ ያየው ሁሉ «ይሄ ልጅ የኤንኤችኤል ነው» ይለናል። እውነት በ2026ቱ ድራፍት ይመረጣል? በስንተኛው ዙር? እኛ ሆኪን ያወቅነው በልጃችን ምክንያት ነው። ራሳችን አይተን የምንገምትበት መንገድ ካለ ንገሩን። (አባት፣ ከኤድመንተን)

መልስ፦ በላኩልን ቁጥር ብቻ ብንፈርድ፣ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር ስሙ ሊጠራም ሊዘለልም የሚችል ልጅ ነው። ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው፤ በየዙሩ 32 ምርጫ ስላለ በድምሩ እስከ 224 ስም ይጠራል። ከዚህ ግምት ወደ ሁለተኛው ዙር የሚያወጣው ወይም ጭራሽ ከዝርዝር የሚያስቀረው ምቱ፣ ማለትም ተጋጣሚን በሰውነቱ መግጨቱ፣ አይደለም። ምቱን ተጫዋች የሚያጠኑት የክለቦቹ መልማዮች ገና በመጀመሪያው ቀን አይተው ጽፈውታል። ተመልሰው የሚመጡት እግሩን ለማየት ነው፤ ፓኩ (የሚጫወቱበት ጠፍጣፋ ጎማ) ከጀርባው ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው።

በቅድሚያ የልደት ቀኑን እንይ፤ ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው ነገር እዚህ አለ። ለ2026ቱ ድራፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቁ የሚሆኑት ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 የተወለዱት ናቸው። ስለዚህ ልጅዎ ከእጩዎቹ ሁሉ ታናናሾች መካከል ነው። በኦክቶበር 2007 የተወለደ እጩ በአሥር ወር ይበልጠዋል፤ ጁኒየር ሊጎች ተጫዋችን የሚመድቡት በልደት ዓመት በመሆኑም አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ይቀድመዋል። የሁለቱን አሲስት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ያሳስታል። የልጅዎን የዘንድሮ ቁጥር ከዚያኛው ልጅ የአምና ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ስቲኩን በቀኝ መያዙም ይረዳዋል፤ ቀኝ ያዥ ተከላካይ ጥቂት ስለሆነ ክለቦች በሁለት ተቀራራቢ ልጆች መካከል ሲያመነቱ ወደ ቀኙ ያደላሉ።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። በሚቀጥለው ጨዋታ ከቤንቹ ጀርባ አይቀመጡ። ከጎሉ ጀርባ ወዳለው ጥግ ሄደው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ለሦስት ጨዋታ ያህልም ፓኩን ትተው ልጅዎን ብቻ ይከተሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ። በደብተሩ የሚመዘገበው በዋነኛነት አንድ ድርጊት ነው፤ እሱን በደንብ እንግለጸው።

ተጋጣሚው ፓኩን ከመሃል ሜዳ ወደ እናንተ ጥግ ይጥልና አጥቂው ተከትሎ ይሮጣል። ልጅዎ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ ፓኩን ሊያነሳ ይሄዳል። ከፓኩ እስኪደርስ ባለው ጊዜ በትከሻው በኩል ወደኋላ ስንት ጊዜ አየ? ጥሩ ተከላካይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያያል፤ አንዴ ሩጫውን ሲጀምር፣ አንዴ ፓኩን ከመንካቱ በፊት። የመጀመሪያው እይታ አሳዳጁ ከየት እንደሚመጣ ይነግረዋል፤ ሁለተኛው ማን ነጻ እንደሆነ። ቀጥሎ አካሄዱን ይዩ። በቀጥታ መስመር ወደ ፓኩ የሚሮጥ ልጅ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ለአሳዳጁ ይሰጣል። ትንሽ ዞር ብሎ በቅስት የሚደርስ ግን ፓኩን ሲነካ ትከሻው ወደ ሜዳው ዞሯል፣ ለማቀበልም ዝግጁ ነው። ከዚያ ፓኩ ወዴት ሄደ? ከጎሉ ጀርባ ወዳለው ጓደኛው፣ ዝቅ ብሎ ወደ መጣው የመሃል አጥቂ፣ አጥሩ ሥር ወደቆመው የክንፍ ተጫዋች፣ ወይስ በመስታወቱ ላይ ተመትቶ ወደ መሃል ሜዳ?

በደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ። አንደኛው «ለጓደኛ የደረሰ»፣ ሁለተኛው «በአጥሩ ወይም በመስታወቱ የተጣለ»፣ ሦስተኛው «የተነጠቀ»። በሦስቱ ጨዋታዎች ከግማሽ በላዩ በአንደኛው ዓምድ ከገባ፣ ጉልበት ላለው ተከላካይ ይህ ዓምድ ከጎሉ ብዛት የበለጠ ይናገርለታል። ሁለተኛው ዓምድ ከሞላ ምክንያቱን ይለዩ። ዞር ብሎ እያየም የሚጥል ከሆነ ችግሩ የእጅና የውሳኔ ነው፤ በልምምድ ይሻሻላል። ሳያይ የሚጥል ከሆነ ልማዱ ነው፤ አሠልጣኙ በአንድ ክረምት ሊያርመው ይችላል። ከፓኩ የሚደርሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ከሆነ ግን ችግሩ የእግር ነው፤ ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ከራሱ ቀጠና በቀጥታ በመስታወቱ በላይ ካስወጣው ደግሞ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ነው።

መልማዮች በዚህ ድርጊት የተጠመዱት ሊጉ ስለተለወጠ ነው። በ2005 ኤንኤችኤል ከተቋረጠበት አንድ የውድድር ዓመት በኋላ ሲመለስ የሁለት መስመር ፓስን (ሁለት መስመር አቋርጦ የሚሄድ ረጅም ፓስን) ፈቀደ፣ ዳኞች መያዝንና በስቲክ መጥለፍን አጥብቀው እንዲቀጡ አዘዘ፣ ግብ ጠባቂውም ከጎሉ መስመር ጀርባ ሲሆን እዚያ ከተሰመረው ባለ አራት ማዕዘን ክልል ውጭ ፓክ እንዳይነካ ከለከለ። የጥጉ ፓክ ሙሉ በሙሉ የተከላካዩ ሥራ ሆነ። ቀርፋፋውና ግዙፉ ተከላካይ በፊት በክንዱ ያግት የነበረውን አጥቂ አሁን በእግሩ መቅደም አለበት።

እግርን ሲመለከቱ በቀጥታ ሩጫ ፍጥነቱ አይታለሉ። ግዙፍ ልጅ አንዴ ከተነሳ ፈጣን ይመስላል። ዋናው ከቆመበት የሚወስዳቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ናቸው። ቀጥሎ ወደኋላ እየተንሸራተተ ሳለ ወደፊት ሲዞር በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለመሆኑን ይዩ። ብዙ ጉልበተኛ ተከላካይ በአንዱ ጎን በቀላሉ ይዞራል፤ በሌላው ግን ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ዳሌው አይከፈትም፣ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ያባክናል። ብልህ አጥቂ ይህንን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያገኘውና ቀኑን ሙሉ በዚያው ጎን ይመጣበታል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የደረቀ ቁርጭምጭሚት ወይም የማይታጠፍ ጉልበት ነው። በቅርቡ በአንዴ የተመዘዘ ልጅም ሰውነቱን ገና አልተቆጣጠረውም። እንዲህ ከሆነ የቁመት ለውጡን በቀን መዝግበው ይያዙና መልማይ ሲያነጋግራችሁ ይንገሩት። «ባለፈው ዓመት ተኩል 8 ሴንቲ ጨምሯል» የሚል መረጃ ለክለብ ትርጉም አለው፤ እግሩ ሊሻሻል የሚችል ልጅ ነው ማለት ነውና።

ሌላው ከአጥቂው የሚጠብቀው ርቀት ነው። አጥቂው ፓክ ይዞ ሲመጣበት መሃል መስመሩ ላይ የሁለት ስቲክ ያህል፣ በራሱ ሰማያዊ መስመር (የመከላከያ ቀጠናው መግቢያ) ሲደርስ የአንድ ስቲክ ያህል ሊቀራረቡ ይገባል። የስቲክ ርዝመት በመደበኛው ቢበዛ 160 ሴንቲ ስለሆነ በዓይን መገመት አያስቸግርም። ቦታው ከመሃል በኩል ሆኖ አጥቂውን ወደ አጥሩ መግፋት አለበት። የጉልበተኛው ልጅ ፈተና እዚህ ነው። ትልቅ ምት ሲታየው ሰማያዊው መስመር ላይ ቦታውን ለቆ ይወጣል፤ ካገኘው ሕዝቡ ይነሳል፣ ከሳተው ጓደኛው ብቻውን ለሁለት አጥቂ ይጋለጣል። በደብተርዎ ጀርባ የሳታቸውን ይቁጠሩ። ካገኛቸውም ውስጥ ፓኩ ወደ እናንተ ቡድን የተመለሰባቸውን ብቻ ምልክት ያድርጉባቸው። ስቲኩ ቀድሞ ፓኩን ነክቶ ሰውነቱ የተከተለበት ግጥሚያ ነው ዋጋ ያለው።

96ቱን የቅጣት ደቂቃ ደግሞ ይበትኑት። የጨዋታ ዘገባዎቹ በሊጉ ድረ ገጽ አሉ። ለምሳሌ ስድስት ጠብ በ5 ደቂቃ 30፣ ሁለት የ10 ደቂቃ ቅጣት 20፣ የቀሩት 46 ደቂቃዎች 23 ትናንሽ ቅጣቶች ቢሆኑ፣ ክለብ የሚያጠናው እነዚያን 23ቱን ነው። በመያዝ፣ በስቲክ በመጥለፍና በማሰናከል የተቀጣባቸው ከበዙ ዘግይቶ እየደረሰ ነው፤ የቅጣት ወረቀቱ የእግሩን ድክመት ይናገራል። ገፍትሮ ከአጥር በማጋጨትና ፊሽካ ከተነፋ በኋላ በመጋፋት ከሆነ የጠባይ ጉዳይ ነው፤ አሠልጣኝ የሚያበርደው ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን አይዩአቸው።

14ቱ ነጥብ (ጎሉና አሲስቱ ሲደመር) ብቻውን በሩን አይዘጋበትም። ፓወር ፕሌይ (ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድለው) ላይ የማይሰለፍ ተከላካይ ነጥቡ ማነሱ ያለ ነው። ይልቅ ይህን ይመዝግቡ፦ ቡድኑ በአንድ ጎል ሲመራ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አሠልጣኙ ማንን ያስገባል? ቡድኑ ሰው ሲጎድለው መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው? ልጅዎ ከሆነ የአሠልጣኙ ምስክርነት ያ ነው፤ መልማይም የሚጠይቀው እሱን ነው።

የኤድመንተን ሰው ስለሆኑ ግሪፊን ራይንሃርትን ሳያውቁት አይቀሩም። የከተማችሁ ጁኒየር ቡድን የኦይል ኪንግስ ግዙፍ ተከላካይ ነበር፤ በ2012 ኒውዮርክ አይላንደርስ በአራተኛ ምርጫ ወሰዱት፤ በ2014 ከኦይል ኪንግስ ጋር የጁኒየር ሊጎቹን ሻምፒዮና፣ የመሞሪያል ዋንጫን፣ አነሳ። በ2015 የከተማችሁ የኤንኤችኤል ክለብ ኦይለርስ የ16ኛና የ33ኛ ምርጫቸውን ሰጥተው አመጡት፤ አይላንደርስ በ16ኛው በኋላ ኮከብ አጥቂ የሆነውን ማቲው ባርዛልን መረጡ። ራይንሃርት በኤንኤችኤል የተጫወተው 37 ጨዋታ ነው። በጁኒየር በቁመቱና በእርጋታው የሚሸፈነው የእግር መዘግየት እዚያ መሸሸጊያ አላገኘም። በዚያው በ2012 ድራፍት በ120ኛ የተመረጠው ጃኮብ ስላቪን ከሊጉ ታማኝ ተከላካዮች አንዱ ሆኗል። በሌላ በኩል ሼይ ዌበር በ2003 ከጁኒየር ቡድኑ ከኬሎውና ሮኬትስ ሲመጣ የተመረጠው በ49ኛ ነበር። ኃይለኛ ነው፤ ግን ቦታውን ሳይለቅ ይገጥም ነበር፣ ጠንካራ ሹትም ነበረው።

ስለዚህ ለልጅዎ ከአሁን እስከ ጁን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምት አይደለም። የመጀመሪያው ዓምድ ይሙላ፣ ትናንሾቹ ቅጣቶች ይቀንሱ፣ የደከመው ጎን መዞሪያ ይታረም። ሁለቱ እንኳ ቢሳኩ ሦስተኛው ዙር ከግምታችን ውጭ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በሊጉ የሂት (በሰውነት የመምታት) ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የሆነ ተከላካይ እንዴት በድራፍቱ በሁለተኛው ቀን፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ፣ ይመረጣል? ክለቦች ጉልበት ይፈልጋሉ ሲባል እንሰማለን፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን ዋጋ አይሰጡትም። (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ሂት የሚመዘገበው በባለሜዳው ቡድን መዝጋቢዎች ነው፤ አንዱ አዳራሽ ትከሻ መነካካትን ሁሉ ሲቆጥር ሌላው የሚቆጥረው ተጫዋች ሲነቃነቅ ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠው ችግር ግን ሌላ ነው፦ ፓክ በእጁ ያለ ቡድን የሚመታው ሰው የለም። ሂቱ የበዛ ተከላካይ ብዙ ጊዜ ቡድኑ ቀጠናው ውስጥ ታፍኖ የሚውል ተከላካይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ማዳነቅም መናቅም ስህተት ነው።

ክለቦች ጉልበትን ይፈልጋሉ፤ በጣም ይፈልጋሉ። በስታንሊ ካፕ (የኤንኤችኤል ዋንጫ) ግጥሚያዎች ከጎሉ ፊት ያለውን ቦታ የሚያጸዳ፣ በሰባት ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ ከጥጉ ፓክ ይዞ የሚወጣ ተከላካይ ያስፈልጋል። ችግሩ ጉልበት ከሌላው ችሎታ ተነጥሎ ሲገዛ ነው። በ2010 ኒውዮርክ ሬንጀርስ በአሥረኛ ምርጫ የሙስጆውን ጁኒየር ቡድን ተከላካይ ዲለን ማኪልራዝን ወሰዱ፤ ግዙፍና ተዋጊ ነበር። በኋላ ስም ያወጡት ካም ፋውለር በ12ኛ፣ ቭላዲሚር ታራሴንኮ በ16ኛ ተመረጡ። ማኪልራዝ በኤንኤችኤል ቋሚ ቦታ አላገኘም። ነገር ግን ይህን ሰው እንደ ውድቀት ብቻ መጥቀስ ፍትሕ አይደለም፤ ከኤንኤችኤል ቀጥሎ ባለው ኤኤችኤል ሄርሺ ቤርስን በአምበልነት መርቶ በ2023 እና በ2024 የካልደር ዋንጫን አንስቷል። የተሳሳተው የተመረጠበት ቁጥር ነው።

ጉልበት ከእግርና ከእጅ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚያወጣ ደግሞ ሞሪትዝ ዛይደር አሳይቷል። በ2019 ዲትሮይት በስድስተኛ ምርጫ ሲጠራው ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር። ልጁ ግን በጀርመን ለማንሃይም ከአዋቂዎች ጋር ተጫውቶ ነው የመጣው፤ በ2022 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ከአዋቂ ጋር የተገጠመ ምትና ከ16 ዓመት ልጅ ጋር የተገጠመ ምት ሚዛናቸው አንድ አይደለም። ተመልካች ሆነው ሲመዝኑ ይህን ይለዩ፦ የልጁ ትልልቅ ምቶች ያረፉት በማን ላይ ነው? 80 ኪሎ በማይሞላ የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች ላይ ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ጥቅም ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ተከላካይ ነው። «ካልተደባደብክ አትመረጥም» ይሉታል። እኔ ደግሞ ለጭንቅላቱ እፈራለሁ። አምና አንዴ ራሱን ተመቶ ነበር። ጠብ እውነት ያስመርጣል? (እናት፣ ከካልጋሪ)

መልስ፦ አያስመርጥም። መልማይ የሚፈልገው ልጁ ጓደኛው ሲመታ ዝም ብሎ እንደማያይ ማወቅ ነው፤ ያንን አንዴ ካየ በቂ ነው። ጁኒየር ሊጎቹም መንገዱን እያጠበቡት ነው፤ ኦንታሪዮ ሊግ በ2012 ከ10 ጠብ በላይ ለሚገባ ተጫዋች እገዳ ደነገገ፣ በ2016 ወደ ሦስት አወረደው። የኩቤኩ ሊግ ከ2023 ጀምሮ የተደባደበን ከጨዋታው ያስወጣል። የተባረረና የታገደ ተከላካይ ደግሞ በመልማይ ፊት አይታይም።

ስለ ምት አገባብ ግን ልጅዎን ይጠይቁት፤ ምክንያቱም ጭንቅላትን የሚጎዳው አብዛኛው ነገር ከስልት ጉድለት ይመጣል። ሲገጥም ጉልበቱ ይታጠፍ፣ እጁ ዝቅ ይበል፣ ስቲኩ በረዶው ላይ ይሁን፣ የትከሻው ማረፊያ የተጋጣሚው ደረት ይሁን፣ እግሩ ከበረዶው አይነሳ። የተጋጣሚውን ጀርባ ቁጥር ካየ ማቆም አለበት፤ ከአጥሩ ሜትር ያህል ርቆ ጀርባውን የሰጠን ተጫዋች መግፋት ለሁለቱም አደጋ ነው። በኤንኤችኤል ጭንቅላትን ዒላማ ያደረገ ምት ራሱን በቻለ ደንብ፣ በደንብ ቁጥር 48፣ ይቀጣል። ይህን ልማድ ከጁኒየር ይዞ የሚመጣ ልጅ ለክለቡ ከሚጠቅመው በላይ በእገዳ ያስከፍለዋል።

የአምናውን ጉዳት አይደብቁ። ከጭንቅላት መናወጥ በኋላ የሚመለሱት በስድስት ደረጃ ነው፤ በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ያልፋል፣ ምልክት ከተመለሰ ወደ ቀደመው ደረጃ ይወርዳል፣ ወደ ሙሉ ግጥሚያ ለመግባትም የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል። የሐኪሙን ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ ክለቦች የጤና ታሪክ ይጠይቃሉ። በአግባቡ የታከመና የተመዘገበ ጉዳት ያን ያህል አያስፈራቸውም፤ ድንገት ያወቁት ግን ስሙን ያሰርዛል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በሴንትራል ስካውቲንግ (የኤንኤችኤል የመልማዮች ቢሮ) የእጩዎች ዝርዝር ላይ ወጥቷል። ወደ ቡፋሎው ፈተና ካልተጠራ አለቀለት ማለት ነው? ከጁኒየር ሊግና ከኮሌጅ ደግሞ የትኛው ይሻለዋል? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ዝርዝሩ የኤንኤችኤል ነው እንጂ የክለቦቹ አይደለም። በውድድሩ አጋማሽና በመጨረሻው ላይ ይወጣል፤ የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾችን ከአውሮፓ፣ ግብ ጠባቂዎችንም ከሌሎቹ ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ «በሰሜን አሜሪካ 60ኛ» ማለት በድራፍቱ 60ኛ ማለት አይደለም፤ የአውሮፓውያኑና የግብ ጠባቂዎቹ ስም ሲቀላቀል ወደ ታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ክለብ የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል።

በጁን መጀመሪያ ቡፋሎ ላይ የሚደረገው ፈተና አንድ መቶ ያህል እጩ ይጠራል፤ የሚመረጡት ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። ሳይጠሩ የሚመረጡ ብዙ ናቸው ማለት ነው። እዚያ በረዶ ላይ የሚደረግ ምንም ፈተና የለም፦ በቆመ ብስክሌት 30 ሰከንድ ሙሉ ኃይል፣ እስከ ድካም ድረስ የትንፋሽ ፈተና፣ ዝላይ፣ የእጅ ጭብጥ፣ ራስን በብረት ዘንግ መሳብ፣ የአቅጣጫ ለውጥ ሩጫ። ለግዙፍ ተከላካይ የምንመለከተው የርዝመት ዝላዩንና የአቅጣጫ ለውጡን ነው፤ ከቆመበት የመነሳት ኃይሉን ይጠቁማሉና። ደረቱን ማሳበጥ ላይ ክረምቱን የጨረሰ ልጅ እዚህ ይጋለጣል። ክለቦቹ ከፈተናው በላይ የሚያምኑት ግን ቃለ መጠይቁን ነው። «የትኛው አጥቂ አስቸገረህ? ለምን?» ሲባል በዝርዝር የሚመልስ ልጅ ጨዋታውን እንደሚያነብ ያሳያል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ቀድሞ በካናዳ ጁኒየር ሊግ የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ በሩ ይዘጋበት ነበር። በኖቬምበር 2024 የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ዲቪዚዮን አንድ ምክር ቤት ይህን ቀየረው፤ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሁለቱም ማለፍ ይቻላል። ለጉልበተኛና ዘግይቶ ለሚበስል ተከላካይ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በጁኒየር ብዙ ጨዋታ ይጫወታል፤ ኮሌጅ ሲገባ ጨዋታው ይቀንሳል፣ በአብዛኛው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ በሳምንቱ ውስጥ ለክብደትና ለእግር ልምምድ ጊዜ ያገኛል፣ የሚገጥመውም ከ20 ዓመት በላይ የሆኑ ወጣቶችን ነው። የእኛ ምርጫ ለእንዲህ ያለ ልጅ ጁኒየር ቀጥሎ ኮሌጅ ነው።

ነገር ግን ትምህርቱን ካሁኑ ያስተካክሉ። ለዲቪዚዮን አንድ በሁለተኛ ደረጃ የታወቁ 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፤ በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል መመዝገብም ግዴታ ነው። 17 ዓመት ሲሞላው መሯሯጥ ዋጋ ያስከፍላል። ዌስተርን ሊግ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት የአንድ ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ክፍያ ይሰጣል፤ የሚጸናበትንና የሚቀርበትን ሁኔታ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይቀበሉ። ወኪል ሲቀርባችሁ በተጫዋቾች ማኅበሩ በኤንኤችኤልፒኤ ዕውቅና እንዳለው ያጣሩ፤ «ለድራፍት አስመርጠዋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አያስገቡ።

ጥያቄ፦ በ18 ዓመቱ ሳይመረጥ ቢቀርስ? (ከዊኒፔግ)

መልስ፦ የሰሜን አሜሪካ ተጫዋች እስከ 20 ዓመቱ ለድራፍት ይቀርባል። እስከ ሴፕቴምበር 15 የተወለደ ልጅ ሦስት ድራፍት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ሁለት ያገኛል። ሰውነቱን ዘግይቶ የሚቆጣጠረው ግዙፉ ተከላካይ በ19 እና በ20 ዓመቱ ሌላ ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል። ራድኮ ጉዳስ በኤቨረት ሲጫወት በ20 ዓመቱ ነው በ66ኛ የተመረጠው፤ ዓመቱ 2010 ነበር፣ ከዚያም በሊጉ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ኖረ። አባቱ ኬንያዊ የሆነው ስዊድናዊው ተከላካይ ጆኒ ኦዱያ በ2001 በ221ኛ ተጠርቶ ለመረጠው ክለብ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት፣ በ2006 ከኒውጀርሲ ጋር ተፈራረመ፤ በ2013 እና በ2015 ከቺካጎ ጋር ስታንሊ ካፕን አነሳ። አርበር ጃካይ ደግሞ ጭራሹን ማንም አልመረጠውም፤ ሞንትሪያል በ2021 ወደ ልምምድ ካምፑ ጠርቶ ካየው በኋላ አስፈረመው፣ በቀጣዩ የውድድር ዓመት በኤንኤችኤል ተሰለፈ።

ድራፍቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ቀናት ክለቦች ላልተመረጡ ልጆች የበጋ ካምፕ ግብዣ በስልክ ያቀርባሉ። ስልኩ ክፍት ይሁን፣ ፓስፖርቱም የታደሰ ይሁን፤ ከብዙ ክለብ ከተጠራ ደግሞ በተከላካይ ቦታ ጥቂት ወጣቶች ወዳሉት ይሂድ።